ማታ የማይወልቅ ዊግ ፀጉር አይጠብቅም

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። ዕድሜዬ 28 ነው፤ ከወለድኩ አምስት ወር ሆነኝ፣ አጠባለሁ። የምሠራው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው፤ በቅርቡ ወደ ሥራ ተመልሻለሁ። ከወሊድ በፊት ፀጉሬ ብዙ ነበር። አሁን ሳበጥር በእፍኝ ይወጣል፤ ግንባሬ ላይና ከጆሮዬ በላይ ደግሞ ሳስቷል። ለስምንት ዓመት ያህል በየሦስት ወሩ የፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል ስቀባ ኖሬያለሁ፤ በመሀል ቀጫጭን ሹሩባ እሠራለሁ። እህቴ ከዱባይ ፊቱ ሌስ (ስስ መረብ) የሆነ ዊግና ማጣበቂያ ላከችልኝ። ከአንድ ወር በኋላ ደሴ ላይ የወንድሜ ሠርግ አለ። ጓደኞቼ ‹ሥሩን ጥብቅ አድርገሽ ተሠሪ፣ ቅቤ ተቀቢ፣ ከላይ ዊጉን ለጥፈሽ አንድ ወር አትንኪው፤ ፀጉርሽ ከሥር ያድግልሻል› አሉኝ። ቤቴ ሆኜ ራሴ እንዴት ላድርገው? ፀጉሬንስ አይጎዳውም?»

መጀመሪያ መልሱን፣ ከዚያ ምክንያቱን ልንገርሽ። ዊጉን ማድረግ ትችያለሽ። ማጣበቂያውን ግን ግንባርሽ ላይ አታስጠጊው፤ ለሠርጉ ቀን እንኳ ቢሆን። ጓደኞችሽ ክፉ አላሰቡም፤ ነገር ግን የነገሩሽ ዊግ ፀጉርን የሚጠብቅበትን መንገድ ገልብጠው ነው። ጥብቅ ሹሩባ፣ ማጣበቂያና አንድ ወር ሳይነካ የሚቆይ ራስ አንድ ላይ ሲሆኑ፣ በራሱ ጊዜ ሊመለስ የሚችለውን ፀጉርሽን እስከ ወዲያኛው ሊያሳጡሽ ይችላሉ። ቅቤው ደግሞ ጊዜውን የሳተ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

«ከሥር ያድጋል» የሚለውን እናጥራው። ፀጉር የሚያድገው ቆዳ ውስጥ ካለው ሥሩ ነው፤ ዊግ ኖረም አልኖረም በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ዊግ ይህን አያፋጥነውም። የሚያደርገው ነገር ያደገው እንዳይበጠስ ማገዝ ነው፦ ማበጠሪያ በየቀኑ አይጎትተውም፣ ፔስትራና ካውያ አያቃጥለውም፣ ፀሐይና አቧራ አያደርቀውም። ብዙ ሴት «ዊግ ፀጉሬን አሳደገልኝ» የምትለው ለዚህ ነው፤ ድሮም ያድግ ነበር፣ አሁን ሳይበጠስ ቆየላት። ይህ ዕረፍት የሚገኘው ግን ከዊጉ ሥር የሚጎትት፣ የሚጣበቅና የሚታፈን ነገር ከሌለ ብቻ ነው። ካለ፣ ያማረው ዊግ ጉዳቱን ይሸፍነዋል፤ የሚታወቀውም ዘግይቶ ነው። በቆዳ ሐኪምነቴ ወደ እኔ ከሚመጡት ሴቶች ብዙዎቹ መሳሳቱን ያዩት ዊጉን ለመጨረሻ ጊዜ ሲያወልቁ ነው፤ ለወራት መስታወት ፊት የቆሙት ከነዊጋቸው ነበርና።

ባንቺ ራስ ላይ፣ ከጻፍሽው እንደምረዳው፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እየሆነ ነው፤ መለየት አለብሽ። አንዱ የወሊድ መርገፍ ነው። በእርግዝና ጊዜ ሆርሞኖች መርገፍ የነበረበትን ፀጉር ይዘው ያቆዩታል። ከወሊድ በኋላ ያ ድጋፍ ሲቀር ብዙው ፀጉር አንድ ላይ ወደ ዕረፍት ይገባና ከሁለት እስከ አራት ወር ቆይቶ ይረግፋል። አምስተኛው ወር ላይ በእፍኝ መውጣቱ ያስደነግጣል እንጂ የሚጠበቅ ነው፤ አብዛኞቹ እናቶች ልጁ ዓመት እስኪሞላው ፀጉራቸው ይመለሳል። ሁለተኛው ግን የወሊድ አይደለም። ለዓመታት በማለስለሻ የደከመ ፀጉር ላይ ቀጫጭን ሹሩባ ሲሠራ ሥሩ ይወጠራል። ውጥረቱ ሲደጋገም ሥሩ ይቆስላል፣ ፀጉሩ እየቀጠነ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ቦታው ጠባሳ ሆኖ ይዘጋል። ሐኪሞች ትራክሽን አሎፔሺያ እንለዋለን። ጥቁር ሴቶች ላይ ብቻ የሚታይ የሚመስላቸው አሉ፤ ከመቶ ዓመት በፊት ሐኪሞች የመዘገቡት ግን ፀጉራቸውን አጥብቀው ወደ ላይ በሚያስሩ የግሪንላንድ ሴቶች ላይ ነው። የሚጎዳው መጎተቱ ነው፣ የፀጉሩ ዓይነት አይደለም።

ሁለቱን ቤትሽ ሆነሽ መለየት ትችያለሽ። ነገ ጠዋት ስታበጥሪ ትከሻሽ ላይ ነጭ ነጠላ ጣይና የወደቀውን ሰብስቢ። ከፀጉሩ አንድ ጫፍ ላይ እንደ ስኳር ቅንጣት ያለች ትንሽ ነጭ ነጥብ ካየሽ ፀጉሩ ዕድሜውን ጨርሶ ከነሥሩ የወጣ ነው፤ ይህ የወሊዱ ነው። አጭር ከሆነ፣ ነጥብ ከሌለውና ጫፉ ከተበጣጠሰ ግን መሀል ላይ ተሰብሯል፤ ይህ የማለስለሻውና የካውያው ነው። ከዚያ መስኮት አጠገብ ቆመሽ የግንባርሽን መስመር በመስታወት እዪ። ከሳሳው ቦታ ፊት ለፊት፣ ወደ ቅንድብ በኩል፣ እንደ ዘርፍ የቀረች ቀጭን የአጫጭር ፀጉር መስመር ካለች መሳሳቱ የመጣው በመጎተት ነው። እነዚያ ትንንሾች የቀሩት አጭር ስለሆኑ ሹሩባው ሊይዛቸው ስላልቻለ ነው። በመጨረሻ ቆዳውን እዪ። የፀጉር መውጫዎቹ እንደ ነጠብጣብ ከታዩ ተስፋ አለ። ቆዳው ልስልስ ብሎ የሚያብረቀርቅ ከሆነና ነጠብጣብ ከሌለው ግን ጠባሳ ይዟል፤ እዚያ ላይ ቅባትም ዊግም ፀጉር አይመልስም።

አሁን ወደ ሹሩባው ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ የምፈራልሽ እሱን ነው። እናቴ ያሳደገችኝ ደሴ ውስጥ ሹሩባ እየሠራች ነው። ግንባር ላይ የመጀመሪያዋን መስመር ስትጨርስ «ቅንድብሽን አንሺ» ትላለች። ልጅቷ ቅንድቧን ስታነሳ የግንባሯ ቆዳ ካልታዘዘ፣ ወይም ዓይኗ ወደ ጎን ከተሳበ፣ ያለ ንግግር ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። የቆዳ ሐኪም ሆኜ ዛሬ ለታካሚ የምነግረው ምልክት ያው የእሷ ነው። «ካላመመ አይይዝም» የሚለውን ከልብሽ አውጪው። ማመም ሥሩ እየተነቀለ መሆኑን ቆዳው የሚናገርበት ቋንቋ ነው። በተሠራሽ ማታ ትራስ ላይ መተኛት ካቃተሽ፣ ራስሽን ከፈለጠሽ፣ ወይም በማግስቱ ሥሩ ላይ ነጫጭ ብጉር ከወጣ፣ ማስታገሻ ውጠሽ አትታገሺ። የዚያኑ ዕለት ፍቺው።

ለዊግ ሲባል የሚሠራ ሹሩባ ማማር የለበትም፤ የሚያየው የለም። የሚፈለገው መደላደሉ ብቻ ነው። ከስምንት እስከ አሥር የሚሆኑ ወፈር ያሉ መስመሮች ወደ ኋላ ይበቁሻል። ከግንባርሽ መስመር ላይ አትጀምሪ፤ አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ገብተሽ ጀምሪና የፊቱንና ከጆሮ በላይ ያለውን ስስ ፀጉር ነፃ ተይው፣ በትንሽ ክሬም ወደ ኋላ ማስተኛት ይበቃል። አርቴፊሻል ፀጉር አትቀጥዪበት፤ ክብደቱ በሙሉ የሚንጠለጠለው በደከመው ሥር ላይ ነው። ጫፎቹን ማጅራትሽ ላይ አጋድመሽ በመርፌና ክር ስትይዢያቸው ክሩ የሚያልፈው በሹሩባው መካከል ይሁን፤ ቆዳ የሚስብ ከሆነ በጣም ጠብቋል። ሹሩባው ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይ። ፈትተሽ ሁለት ሦስት ቀን አሳርፊው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ መስመሩን ከቀድሞው ቦታ ፈቀቅ አድርጊ፤ ያው ሥር ሁልጊዜ ሸክም እንዳይሸከም።

ስትፈቺው የሚወጣው ፀጉር እንዳያስደነግጥሽ አስቀድሜ ልንገርሽ። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል። ሹሩባ ውስጥ ያለ ሰው የረገፈው መውደቂያ ስለሌለው እዚያው ይከማቻል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ700 እስከ 1,400 የሚሆን ማለት ነው፤ ባንቺ ደግሞ የወሊዱ ይጨመርበታል። ስለዚህ ያ እፍኝ በአንድ ቀን የወጣ አይደለም። ሳትፈቺ አንድ ወር ስትቆዪ ግን የረገፈው ከበቀለው ጋር ይቆላለፋል፣ ይቋጠራል፤ ሲፈታም ጤነኛውን ይዞ ይወጣል።

ማለስለሻውን ለጊዜው አቁሚ። አዲስ የበቀለው ፀጉር ከተለሰለሰው ጋር የሚገናኝባት ቦታ ከሁሉ ደካማዋ ናት፤ ብዙው የሚበጠሰው እዚያች መገናኛ ላይ ነው። ስታበጥሪ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ሥር ውጪ፤ በርጥቡና በኮንዲሽነር፣ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ወይም በሚዶ። ሠርጉ ስለደረሰ «አንድ ጊዜ ብቻ ልቀባና ልሠራው» ብለሽ እንዳታስቢ። ማለስለሻ በተቀባ ሰሞን ሹሩባ መሥራት ለመሳሳት ከሁሉ የሚያጋልጥ ነገር ነው።

ማጣበቂያው ላይ ቆም ልበል። ለዊግ ከሚሸጡት ማጣበቂያዎች አንዳንዶቹ ከአክሪሊክ፣ አንዳንዶቹ ከላቴክስ የተሠሩ ናቸው። ጉዳታቸው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው ቆዳን ማስቆጣት ነው፦ መቅላት፣ ማሳከክ፣ ውሃ መቋጠር። ላቴክስ የማይስማማው ሰው ላይ ደግሞ ከንፈርና ዓይን ሊያብጥ፣ ትንፋሽ ሊያጥር ይችላል፤ ያ ሲሆን ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ሁለተኛው ሜካኒካል ነው፣ ላንቺ ይበልጥ የሚያሰጋውም እሱ ነው። ማጣበቂያው የግንባርሽን ትንንሽ ፀጉሮች ከሌሱ ጋር አንድ ያደርጋቸዋል፤ ሲነሳ ይዟቸው ይነሳል። ቅድም ያልኩሽ፣ እንደ ዘርፍ የቀሩት፣ ከሹሩባ ያመለጡት ናቸው በማጣበቂያ የሚሄዱት። ግንባሯ ያልሳሳ ሴት ለአንድ ቀን መጠቀም ከፈለገች ቢያንስ አስቀድማ ትሞክረው፦ የሳንቲም ያህል ክንዷ ውስጠኛው በኩል ቀብታ 48 ሰዓት ታቆየው፣ እስከ አራተኛው ቀን ድረስም ቦታውን ትከታተል። ምንም አለመውጣቱ ግን ዋስትና አይደለም፤ ቆዳ አሥር ጊዜ ተቀብሎ በአሥራ አንደኛው ሊቆጣ ይችላል። ላንቺ ግን ሙከራውንም አልመክርሽም፤ ቢስማማሽ እንኳ መንቀሉ አይቀርምና።

ከቤት ውስጥ የሚገኝ ሱፐር ግሉ ወይም የጫማ ማጣበቂያ ለዊግ የተጠቀሙ ሴቶች ቆስለው መጥተው አይቻለሁ። ይህንን በፍጹም። ማጣበቂያ አስቀድሞ የተጠቀመ ሰው ይህን ካነበበ ደግሞ ዊጉን አይሳብ፤ ጠርዙ ላይ የምግብ ወይም የሕፃን ዘይት ያንጠባጥብ፣ አሥር ደቂቃ ይጠብቅ፣ በጣት ጫፍ እያንከባለለ ያላቅቅ፤ ካልለቀቀ ዘይቱን ይድገም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ዓይን አጠገብ አይነካም፤ ቆዳውን ከማቃጠሉም በላይ ከሰል በተቀጣጠለበት ክፍል እሳት ይስባል።

ታዲያ ያለ ማጣበቂያ እንዴት ይያዛል? እዚህ ላይ ሙያሽ ይረዳሻል፤ መርፌና ላስቲክ ላንቺ አዲስ አይደሉም። መጀመሪያ ሹሩባውን ከሠራሽ በኋላ ራስሽን ለኪ፤ ሳይሠሩ የተለካ ራስ ከተሠራ በኋላ ይሰፋልና ዊጉ ይጠብባል። የልብስ ሜትር ከግንባር መስመር ጀምሮ ከጆሮ በላይ አድርጎ ማጅራት ዞሮ ይመለስ። ብዙ ሴቶች ከ54 እስከ 57 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ናቸው፤ አብዛኛው «መካከለኛ» የሚባል ዊግም ለዚህ የተሠራ ነው። ከዚያ ከዊጉ ውስጥ፣ ከአንደኛው ጆሮ በኩል ወደ ሌላኛው ጆሮ፣ በማጅራት በኩል የሚዞር ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያለው ላስቲክ ስፊበት። በአንድ ጊዜ አትጨርሺው፤ በስፒል ይዘሽ ለኪ፣ ጎንበስ ቀና በይ፣ ልጅሽን አንሺ፣ ከዚያ ስፊ። ልኩ ሲስማማ ከጠርዙ ሥር አንድ ጣት ያለ ትግል ይገባል። ለአንድ ሰዓት አድርገሽ ስታወልቂው ግንባርሽ ላይ የቀላ መስመር ከቀረ ላስቲኩን አላሊው።

ከዊጉ ውስጥ የተሰፉ ትንንሽ ማበጠሪያዎች አሉ፤ ፀጉር ነክሰው የሚይዙ። የፊቱንና የጎኖቹን ፍቺና አውጪ። የኋላውን፣ ፀጉርሽ ጠንከር ያለበትን፣ ብቻ ተዪ። በምትኩ ከዊጉ ሥር ጠባብ የከፋይ መቀነት እሰሪ፤ ከፋይ ፀጉራማ ስለሆነ ዊጉን ሳይጎትት ይይዘዋል፣ ጫናውንም ይከፋፍለዋል። መቀነቱን ከሳሳው ቦታ ወደ ኋላ አርጊው። ከሹሩባው በላይ የምታደርጊው ስስ ኮፍያ ጠርዙ የሚቆነጥጥ የስቶኪንግ ዓይነት አይሁን፤ ቀኑን ሙሉ ስስ ፀጉር ላይ ሲፈትግ ይውላል። ጠርዙ በሳቲን የተሰፋ ቢሆን ይሻላል። ከዊግ በላይ ሻሽ ወይም ሂጃብ የምታደርጊ ከሆነ ደግሞ ቋጠሮውንና ስፒሉን ከግንባር መስመር አርቂ፤ ሁለት ጫና አንድ ቦታ ላይ አይደረብ።

ሌሱን ቸኩለሽ አትቁረጪው። መጀመሪያ ዊጉን ለብሰሽ ቦታውን አይተሽ፣ በትንሽ መቀስ፣ ቀጥ ባለ መስመር ሳይሆን ወጣ ገባ እያደረግሽ ቁረጪ፤ ቀጥ ያለ ጠርዝ ከሩቅ ይታወቃል። ከውስጥ በኩል ፊትሽን የሚመስል ፓውደር ቀቢው። ለሠርጉ ቀን ሌሱ እንዳይነሳ ከፈለግሽ በውሃ የሚለቅ የፀጉር ጄል በጥቂቱ፣ ከፀጉርሽ መስመር በታች ባለው ባዶ ቆዳ ላይ ብቻ፣ ለጥቂት ሰዓት ይበቃል። ማታ በሞቀ ውሃ በራሰ ጨርቅ ታረጥቢዋለሽ እንጂ አትልጪውም። አዲስ ዊግ ከማሸጊያው ወጥቶ በቀጥታ ራስ ላይ አይደረግም፤ በሻምፖ እጠቢው። አርቴፊሻል ከሆነና ካሳከከሽ፣ ጥቂት አቼቶ በተጨመረበት ውሃ አለቅልቀሽ በንጹሕ ውሃ ድገሚው። የሌላ ሰው ዊግ አታድርጊ፣ የራስሽንም አታውሺ፤ ቅማልና ጭርት ይዞ ይዞራል።

እርጥበትን በተመለከተ የምትኖሪበት ቦታ ለውጥ አለው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ይሞቃል፤ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስትሠሪ ከኮፍያው ሥር ያልብሻል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ በጭጋግ ሲሸፈን የታጠበ ሹሩባ ሙሉ ቀን አይደርቅም። ሁለቱም አንድ ቦታ ያደርሳሉ፦ ርጥብና የታፈነ ቆዳ ላይ ፎረፎር ይበዛል፣ የፀጉር ሥሮች ያመረቅዛሉ፣ ሽታ ይመጣል። ስለዚህ ዊግ የሚደረገው ሥሩ ፍጹም ከደረቀ በኋላ ነው። ሹሩባው የደረቀ ይመስላል እንጂ ውስጡ ርጥብ ሊሆን ይችላል፤ ጣትሽን በሁለት መስመሮች መካከል ወደ ቆዳው አስገቢና ቅዝቃዜ ከተሰማሽ ጠብቂ። ሹሩባው ሳይፈታ በሳምንት አንድ ጊዜ ቆዳውን እጠቢ። የሃይላንድ ክዳን በመርፌ ሦስት አራት ቦታ ብሺ፣ ሻምፖ በብዙ ውሃ አቅጥነሽ ጨምሪበት፣ በመስመሮቹ መካከል እያፈሰስሽ በጣት ጫፍ እሺው፤ በጥፍር አይደለም። በደንብ አለቅልቂውና ጠዋት ፀሐይ ላይ አድርቂው። ዊጉንም አጥበሽ የተገለበጠ ጣሳ ላይ በጥላ አስጪው፤ ርጥቡን ፌስታል ውስጥ አትክተቺ።

ቅቤው እንግዲህ። ቅቤን የማጣጥል ሰው አይደለሁም፤ ለደረቀ ፀጉር ጥሩ ቅባት ነው፣ መበጠስንም ይቀንሳል። ጥፋቱ ከዊግ ሥር ሲቆይ ነው። በሙቀትና በላብ ይሻግታል፣ ፎረፎር የሚያባብሰው ፈንገስም ስብ ይመገባል። ቅቤሽን ሹሩባውን ፈትተሽ ባሳረፍሽባቸው ቀኖች ተቀቢ፤ ፀጉሩ ላይ፣ ቆዳው ላይ ሳይሆን። ሌሊቱን አሳድረሽ ጠዋት በሻምፖ አጥበሽ አውጪው። የሳሳው ቦታ ላይ ነጭ ሽንኩርት ወይም ዝንጅብል ማሸት ግን ተዪ፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ የተቃጠለ ቆዳ ደግሞ ይባስ ይሳሳል።

ዊጉን ማታ ማታ አውልቂ፤ ይህ የማላመቻምችበት ነገር ነው። ከሥራ ስትገቢ ይውለቅ፣ ቆዳው ይተንፍስ፣ በሳቲን ሻሽ ጠቅልለሽ ተኚ። እንጀራ ስትጋግሪና ቡና ስታፈይም አታድርጊው፤ አርቴፊሻል ፀጉር እሳት ሲነካው ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። አንድ ነገር ደግሞ ስለ ልጅሽ፦ ከእናት የረገፈ ረጅም ፀጉር፣ የዊግም ቢሆን፣ የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል። ካልሲውን ስትቀይሪለት የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ እዪ። ልጁ ያለ ምክንያት ሲያለቅስም መጀመሪያ ጣቶቹን እዪ፤ ጣቱ ካበጠና ፀጉሩን ማውጣት ካልቻልሽ ሳትዘገዪ ሐኪም ቤት ውሰጂው።

ይህን ሁሉ አድርገሽም የማይሆን ነገር አለ። ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ዊጉን አስቀምጠሽ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂጂ፦ መግል የያዘ ብጉር፣ ክብ ሆኖ የሚላጥ ቦታ፣ መሀል አናትሽ ላይ የሚያቃጥልና እየሰፋ የሚሄድ መሳሳት፣ ወይም ያ የሚያብረቀርቅ ቆዳ። ለአንቺ የሚቀርበው ደሴ ነው፤ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም የቆዳ ሕክምና ክፍል አለው። በዚያውም የደም ማነስና የእንቅርት ምርመራ ይታዘዝልሽ፤ ሁለቱም ከወሊድ በኋላ ይመጣሉ፣ ፀጉርም ያረግፋሉ። ሚኖክሲዲል የሚባለውን ማብቀያ ከፋርማሲ ራስሽ ገዝተሽ አትጀምሪ፤ እያጠባሽ ነው፣ ውሳኔው የሐኪም ነው። የስቴሮይድ ቅባትም እንዲሁ።

ስለዚህ የማዝልሽ ይህን ነው። እስከ ሠርጉ ባለው አንድ ወር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት ፀጉርሽን አሳርፊው፦ ሹሩባ የለም፣ ካስክና ካውያ የለም፣ ሻሽ ይበቃል። በዚያ ጊዜ ዊጉን እጠቢ፣ ላስቲኩን አዘጋጂ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ወፍራሙንና ላላ ያለውን ሹሩባ ተሠሪ፤ ከዚያ ራስሽን ለክተሽ ላስቲኩን ስፊ፣ በየቀኑ ለሁለት ሰዓት ቤት ውስጥ ልበሺና ልኩን አስተካክዪ። በሠርጉ ቀን ዊግሽን ልበሺ፣ ጨፍሪ፣ ማታ አውልቂ። ከሠርጉ በኋላ ለሦስት ወር ቀን ቀን ብቻ፣ በሳምንትም ከአምስት ቀን ሳይበልጥ አድርጊው። እህትሽ የላከችልሽን ማጣበቂያ ለሌላ ሰው አትስጪ፤ ጣይው።

ዛሬውኑ ደግሞ፣ ሹሩባም ዊግም ሳይኖር፣ ፀጉርሽን ወደ ኋላ አርገሽ በመስኮት ብርሃን የግንባርሽንና የሁለቱን ጎኖች ፎቶ አንሺ። በየወሩ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ድገሚው። ሦስተኛው ፎቶ ላይ አዳዲስ አጫጭር ፀጉሮች ብቅ ብለው ካላየሽ ሦስቱንም ፎቶ ይዘሽ ነይ።